ብቻውን የማይቆም ቃል

«ለአንድ ቃል?» አለ ያረጋል። «ለአንዲት ባለሁለት ፊደል ቃል ክረምቱን ሙሉ ቡታጅራ ልትቀመጪ?»

ፋንቱ የልጇን ሹራብ አጥፋ ቦርሳው ውስጥ ከተተች። ጥያቄው ከትናንት ማታ ጀምሮ መልኩን እየቀያየረ ሲመላለስባት ነው ያደረው። አንዴ የመንገዱ ጭቃ፣ አንዴ የልጅቷ ጤና፣ አንዴ ደግሞ ሰው ምን ይላል ሆኖ መጥቶ፣ ጠዋት ላይ እንደገና ወደ ቃሏ ተመልሷል።

«ለአንድ ቃል አይደለም፤ ለመዝገበ ቃላት ነው» አለችው። «በእሷ ጀመርን እንጂ በእሷ አንጨርስም።»

«ጀመርን?»

«አዎ፣ ጀመርን።»

 ከውጭ ወደ ወልቂጤ መናኸሪያ የሚጣደፉ ባጃጆች ጥሩምባ ይሰማል። ሃይሚ፣ አሥር ዓመት ያልሞላት ልጃቸው፣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች አንዴ አባቷን አንዴ እናቷን ታያለች። ያረጋል በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ እስካሁን የተናገረውን ሁሉ በልቡ ከለሰው። ሁሉም ትክክል ነበር። ሊል የፈለገው ግን አንዱም አልነበረም።

ነገሩ ቀላል ነው። ዩኒቨርሲቲው የአካባቢውን ቋንቋዎች ቃላት እየሰበሰበ ነው። ሥራውን የያዘው ብሩክ የሚባል የቋንቋ መምህር ደግሞ ስልጥኛም አማርኛም እኩል የሚቀናው ሰው ይፈልጋል። ፋንቱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል። ወላጆቿ የመስቃን ሰዎች፣ ወንጌላውያን፣ በቡታጅራ ዳርቻ የሚኖሩ ነበሩ። እሷ ግን ግማሽ ልጅነቷን ያሳለፈችው በአጥር በሚዋሰኗቸው በስልጤዋ በወይዘሮ ሳሌሃ ቤት ስለሆነ ስልጥኛን እንደ እናት ቋንቋዋ ትናገራለች። ዛሬ ብሩክ እዚያው ሳሌሃ ቤት ድምፅ ይቀርጻል። ዛሬም ቁርጡን ይጠይቃታል።

ፋንቱ የቦርሳውን ዚፕ ዘጋችና ቀና አለች።

«እምቢ በይ ካልከኝ እምቢ እላለሁ። ግን አንተው በአፍህ በለኝ። በጭቃው አታመካኝ።»

እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«መቅናትህ አይደለም የከፋኝ፣ ያረጋል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «በምን እንደቀናህ አለማወቅህ ነው።»

የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ማታ እንመለሳለን ማለቷን የሰማው ከደጅ ነው።

*

ብሩክ መጀመሪያ ወደ ቤታቸው የመጣው በግንቦት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቸሃ ልጅ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ሰው ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ ቀኝ የሚያዘነብል፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ያረጋልን «ጋሽ ያረጋል» እያለ ነበር የሚጠራው። ለምን እንደመጣ ሲናገር አንዲት ቃል ይዞ ነው የጀመረው፦ «ጋር»።

ያረጋል ደስ አለው። ከጎጃም መጥቶ በወልቂጤ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ስለ አንድ ቃል ብሎ ደጁን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ወንበሩን ወደ እንግዳው አስጠግቶ፣ እንደ ክፍሉ ተማሪ ሳይሆን እንደ ባልንጀራ አስረዳው።

«‹ጋር› መስተዋድድ ነው። ብቻውን አይቆምም። ‹ከእከሌ ጋር› ካላልክ ምንም አይደለም።»

«ስልጤ ዘንድ ሲደርስ ግን ብቻውን ይቆማል፣ ጋሼ» አለ ብሩክ። «ጣራና ግድግዳ አለው። ቤት ማለት ነው።»

ከዚያ ተጫወቱ። ወላኔዎችም ቤትን እንዲሁ እንደሚሉ፣ ሐረርም እንዲሁ እንደሆነ፣ በኦሮምኛ «ገራ» ሲባል ግን «ወደ» ማለት መሆኑን ብሩክ ነገረው። ያረጋል በበኩሉ ግዕዝ ለዚህ ቦታ «ምስለ» የሚል ቃል ስላለው የአማርኛው «ጋር» ከዚያ እንዳልተወለደ አነሣ። «እኛ ጋር ና» ስንል «ቤታችን ና» ማለታችን እንደሆነም ራሱ ያረጋል ነው ያስታወሰው፤ ብሩክም ይህንን ሲሰማ እጁን ጉልበቱ ላይ መታ። ግን ወዲያው ተቆጠበ። እነዚህ ቃላት ዘመዳሞች ይሁኑ ወይስ መንገድ ላይ የተገናኙ መልከ ሞክሼዎች፣ ገና አላውቅም አለ። ያረጋል ይህን ጥንቃቄውን ወደደለት። ሰውየውንም ወደደው። ይህን ዛሬ ማስታወስ አይፈልግም።

ፋንቱ የእጅ ውኃ ይዛ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ብሩክ በስልጥኛ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆም ብላ መለሰችለት፤ እሱ ደገመ፤ እሷ አረመችው፤ እሱ አሁንም ተሳሳተ። ከዚያ ፋንቱ ሳቀች።

ያረጋል ሚስቱ ስትስቅ ያውቃል። በአማርኛ ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ ትከልላለች፤ ሳቋ አጭር ነው፤ ከሳቀች በኋላ ሰው አይቷት እንደሆነ ዘወር ብላ ታያለች። ይህ ሌላ ነበር። ከሆዷ የወጣ፣ የተንዘረፈፈ፣ ማንንም ያልፈራ ሳቅ። ማስታጠቢያው ተንቀጥቅጦ ውኃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ አላየችውም። እንዲህ የምትስቅ ሴት በቤቱ ስትኖር፣ በአልጋው ስትተኛ፣ የልጁ እናት ሆና፣ እሱ እስከዚያች ዕለት አላገኛትም ነበር።

ሃይሚ በተወለደች ጊዜ «ልጅቷ በአንድ ቋንቋ ጸንታ ትደግ» ያለው እሱ ነው። ፋንቱም እሺ ብላ ነበር፤ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ከቡታጅራ ስልክ ሲደወልላት ወደ ጓሮ እየወጣች ነበር የምታወራው። እሱም ይህንን እንደ ጨዋነት ነበር የቆጠረው። አሁን ብቻውን ተቀምጦ ሲያስበው፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጓሮው ውስጥ ምን ያህል ሳቅ እንዳመለጠው ለመገመት ሞከረ። ሐሳቡን ወደ ብሩክ መለሰ። ብሩክን መጥላት ቀላል ስለነበር ብሩክን ጠላ።

ዓይኑ በሩ ጀርባ ላይ አረፈ። ፋንቱ ጃንጥላዋን ረስታለች።

*

ሚኒባሱ ጉብሬን አልፎ የቸሃን እንሰት ማሳዎች ሲያቋርጥ ጉሙ እስከ መንገዱ ዳር ወርዶ ነበር። ያረጋል ጃንጥላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ እጀታውን በሁለት እጁ ይዟል። ለማን ነው የምትወስደው ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር መልሱ ተዘጋጅቷል፦ ለባለቤቴ፣ ዝናብ እንዳይመታት። ጠያቂ ግን አልነበረም። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት በስልክ በኦሮምኛ ታወራለች። «ገራ ቡታጅራ» ስትል ሰማትና ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ፤ ወደ ቡታጅራ እየሄደች መሆኗ ነው። ቃሉን ካወቀው ወዲህ በየሄደበት ይከተለዋል። ትናንት ማታም ለሚስቱ «ከማን ጋር ነው የምትሠሪው? ከማን ጋር ነው የምትመጪው? ከማን ጋር ትበያለሽ?» ብሎ ነበር። አሁን ሲያስበው ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ በዚያችው ቃል ተንጠልጥለው ነበር።

መኪናው ከተራራው መውረድ ሲጀምር ጉሙ ተገፈፈ፤ ከታች የቡታጅራ ቆርቆሮዎች ታዩ። ያረጋል ኮሌታውን አስተካከለ። ሳሌሃ ቤት ከገባ በኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በእሱም ተጽናና። በዚያ ቤት ክብር አለው።

ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ሥርዓቱ ተዛንፎ አያውቅም። እሱ በደጃፉ ሲታይ ቤቱ በሙሉ ይነሣል። ሌላው ሰሌን ላይ ሲቀመጥ ለእሱ ከጓዳ አንድ የእንጨት ወንበር ይወጣለታል፤ ነጠላ ታጥፎ ይነጠፍበታል። ወይዘሮ ሳሌሃ የልጅ ልጆች ያዩ አሮጊት ሲሆኑ እሱን «እርስዎ» ነው የሚሉት። «ዛሬ ጾም ነው?» ብለው ሳይጠይቁ ምግብ አያቀርቡለትም፤ ሲያቀርቡም ለብቻው ነው። የልጃቸው ሚስት ፈቲሀ እሱ በልቶ እስኪጨርስ ራሷን ደፋ አድርጋ ትቆማለች። ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ይከተለዋል። በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ሰፊ ሣር፣ ጀፎረውን፣ አብረውት አቋርጠው እስከ ትልቁ ዋርካ ይሸኙታል፤ እዚያ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው እጁን ይጨብጡታል። ቸኩሎ «እዚሁ ይበቃል» ቢላቸው እንኳ አይመለሱም። እንግዳን እስከ ደጅ ብቻ ሸኝቶ መመለስ ነውር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ሽኝት ያሰለቸው ነበር። በኋላ ወደደው። የሚስቱ ዘመዶች የእሱን ማንነት ለማወቃቸው ማስረጃው ይህ ሽኝት ነበር።

ብሩክ ይህንን ይይ። ለዚህ ነው የሚሄደው ብሎ ለራሱ ባይነግረውም፣ ለዚህ ነበር።

*

ዋርካው ሥር ከባጃጅ ወርዶ ጀፎረውን ሲሻገር ካፊያው ጀመረ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ በስልጥኛ ይንቆረቆራል። ያረጋል ጉሮሮውን ጠራርጎ ገባ።

የተነሣ ሰው አልነበረም።

«ያረጋል ነህ?» አሉ ሳሌሃ ከተቀመጡበት። «ግባ፣ ግባ። በሩን መልሰው፤ ዝናቡ ይገባል።» ይህንን ብለው ወደ ጀመሩት ወሬ ተመለሱ።

«ነህ» ብለውታል። ያረጋል በሩን መለሰ። ቆሞ ሲቀር የቤቱ ጨለማ ቀስ እያለ ለዓይኑ ተገለጠ። ብሩክ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ነጠላው ታጥፎ ተነጥፎለታል። ከፊቱ ሰሌን ላይ ፋንቱ፣ ከእሷ ጎን ፈቲሀ፣ በሁለቱ መካከል ሃይሚ። ስልኩ በግልብጥ ሙቀጫ ላይ ተቀምጦ ድምፅ ይቀርጻል።

ብሩክ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ጋሽ ያረጋል፣ እዚህ ይቀመጡ።»

ሳሌሃ ግን ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። «ይቀመጡ እርስዎ። እሱ ቦታ አያጣም።»

ፋንቱ ጠጋ አለችና ከበሩ አቅጣጫ ቦታ ለቀቀችለት። ያረጋል ጫማውን አውልቆ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ሚስቱ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ምነው መጣህ?»

«ጃንጥላሽን ረስተሽ።»

ፋንቱ ጃንጥላውን አየች፤ እሱን አየች። በከንፈሯ ጥግ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ቤት ውስጥ ለምውል ሰው» አለች፤ ተቀብላም ለሳሌሃ ሰጠች። አሮጊቷ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ጃንጥላውን ከምሰሶው ኩላብ ላይ፣ ከቤቱ ሰው ልብስና ከማጭዱ አጠገብ ሰቀሉት።

ወሬው ስለ ቤት ነበር። ፈቲሀ ለሃይሚ በሹክሹክታ ወደ አማርኛ ትመልስላት ስለነበር ያረጋልም ከልጁ ድርሻ እየተሻማ ሰማ። በአንድ የበጋ ወር የሳሌሃ ቤት ተቃጥሎ ነበር። መንደሩ ሁሉ፣ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም፣ ወጥቶ እንደገና ሠራላቸው። ሣሩን ያመጣ ሌላ፣ ማገሩን ያመጣ ሌላ፤ ምሰሶውን ግን ከራሱ ማሳ ቆርጦ ያመጣው የፋንቱ አባት ነበር። ቤቱ እስኪያልቅ ሳሌሃ በእነ ፋንቱ ቤት ሰነበቱ፤ ገና መራመድ የጀመረችው ፋንቱም በእቅፋቸው እየተኛች አፏን በእሳቸው ቋንቋ ፈታች። ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ «ኡሚ»፣ እናቴ፣ የምትላቸው። ያረጋል ይህንን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም። ለምን አልነገረችኝም ብሎ አሰበ፤ ቀጥሎም በየትኛው ቋንቋ ትነግረኝ የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ገፋው።

«ጋር» ይላሉ አሮጊቷ ደጋግመው፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ብሩክ አንገቱን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ያረጋል የብሩክን አንገት ጠላው። ሰውየው ፋንቱን የሚያይበትን ዓይን ፈለገ፤ ያገኘው ግን ብሩክ የሳሌሃን አፍ ሲያይ ነበር። ይህም አላጽናናውም። ሲደብቅ ነው አለ በልቡ።

ምግብ ቀረበ። በቡላና በቅቤ የተሠራው አተካና ለብሩክ ለብቻው በንጹሕ ጣባ፣ ለሌሎቹ በአንድ ትልቅ ገበታ። ሳሌሃ ብሩክን ይበሉ፣ ያንሱ፣ ምነው ተዉት እያሉ አሥር ጊዜ ለመኑት። ወደ ያረጋል ዘወር ብለው «እጅህን ታጠብና ጠጋ በል» አሉት። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ጾም አይደለም። ቢሆንም መጠየቅ ነበረባቸው።

ፈቲሀ ከገበታው ማዶ ሆና የእሱን እጅ ታያለች። «ጋሼ፣ ዛሬ ጉሮሮህ ጠቧል?» አለችው። «ወይስ የሒሳብ አስተማሪዋ ቆጥራ ነው የምታበላህ?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሃይሚም ሳቀች። በፊት ይህች ሴት ቀና ብላ አታየውም ነበር። ያረጋል ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ አልታዘዘለትም። እዚያ ተቀምጦ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ወንበሩ፣ ነጠላው፣ ጣባው፣ «እርስዎ»። አንድም ሳይቀር ወደ ሌላ ሰው ተላልፏል። እኔ ሳልናገር ቁርጡን ያወቁት እነሱ ናቸው አለ በልቡ። ከዚህ ቤት ወጥቻለሁ፤ የቀረው ይህንን ለእኔ መንገር ነው።

ፋንቱ ጎርሳ ጨረሰችና በእጇ ጠቅልላ ብሩክን አጎረሰችው። ቀጥላ ሳሌሃን፤ ቀጥላ እሱን። ሦስተኛ። ጉርሻው አፉ ውስጥ ብዙ ቆየ።

ዝናቡ ጠንከር ሲል ከውጭ የጥጃ ድምፅ ተሰማ። ሳሌሃ ጆሯቸውን ቀጥ አደረጉ።

«ያረጋል፣ ጥጃዋ ደጅ ቀርታለች። እስቲ አስገባት።»

በቤቱ ያለው ሁሉ መብላቱን ቀጠለ። ለማንም ምንም የሆነ ነገር አልነበረም። ፋንቱ ብቻ ቀና ብላ አየችው፤ ያ በከንፈሯ ጥግ ብልጭ ያለው ነገር እንደገና መጣ። ከሰማው በኋላ ምን እንደሚያደርግ እየጠበቀች ይመስላል። ያረጋል ፊቱ ሲግል ተሰማው። በዚያ ሰው ፊት። ብሩክ «እኔ ላስገባት» ብሎ ሊነሣ ሲል ሳሌሃ ጭራሽ ተቆጡት።

ያረጋል ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

*

ጥጃዋ እንሰቱ ሥር ተወሽቃ ትንቀጠቀጣለች። ቀይ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ያረጋል በልጅነቱ ከብት ያውቃል፤ እጁ ግን ከረሳው ቆይቷል። ገመዷን ሲይዝ ወደ ኋላ ተሳበች፤ ጫማው ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ጎንበስ ብሎ በክንዶቹ አቀፋት። እንዲህ ታቅፎ፣ ከብቶቹ በሚገቡበት የጎን በር፣ ወደ ቤቱ የከብት ማደሪያ ክፍል ገባ። ከሰዎቹ የሚለየው የእንጨት ግርዶሽ ብቻ ነበር። በስንጥቁ የእሳቱ ብርሃን ያልፋል።

ጥጃዋን ከእናቷ አጠገብ አሰረና በእፍኝ ጭድ ጀርባዋን ማሸት ጀመረ። ላሚቱ ዘወር ብላ አሸተተችው። ጎጃም፣ አባቱ ቤት፣ ዝናብ ሲመጣ አባቱ ከመደቡ ሳይነሡ «ጥጃ አስገባ» ይሉት ነበር፤ ወይ እሱን፣ ወይ ታላቁን። ቤታቸው ሰንብቶ የሄደ አንድ የደብረ ማርቆስ እንግዳ አንድ ቀን ራሱ ሊያስገባ ተነሥቶ አባቱ እንዴት እንደተቆጡ ትዝ አለው። ይህ የማን ቤት ሆነና እንግዳ ጥጃ የሚጎትተው፣ ልጆቹ አልሞቱ፣ ብለው ነበር። ያረጋል እጁ ጥጃዋ ጀርባ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ሊገባው ተቃርቦ ነበር።

ከግርዶሹ ማዶ የብሩክ ድምፅ በአማርኛ መጣ። ፋንቱን «ጋር» የሚለው ቃል ያለበት የራሷን ዓረፍተ ነገር እንድትናገር ጠየቃት፤ እንዳሰኘሽ፣ ከልብሽ የመጣውን አላት።  ከዚያ ፋንቱ በስልጥኛ ተናገረች፤ ረጅም አልነበረም። በመካከሉ ስሙን ሰማ። ያረጋል። ከስሙ በኋላ ደግሞ ቃሏ። ከዚያ በኋላ የመጣውን አላወቀውም።

ሁሉም በአንድ ላይ ሳቁ። የፋንቱ ሳቅ ከሁሉም በላይ ነበር፤ ያ የተንዘረፈፈው። ሳሌሃ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሃይሚ ዓረፍተ ነገሩን ከእናቷ አፍ ነጥቃ ደገመችው፤ ስሙን፣ ቃሏን፣ የቀረውንም፤ አንደበቷ አልተደናቀፈም። ፈቲሀ አጨበጨበችላት። ልጁ መቼ ተማረች? በየትኛው ጓሮ?

ያረጋል ጭዱን ጣለው። ስለ እሱ ምን እንዳለች ለማወቅ ወደ ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ብቻ ይበቃው ነበር። መጠየቅ ማለት ግን ግርዶሹ ሥር ቆሞ ማዳመጡን፣ ሰምቶም አለመረዳቱን፣ በዚያ ሰው ፊት መናገር ነው።

ሳቁ ሲበርድ ብሩክ እንደገና በአማርኛ፦ «እንግዲህ ቁርጡን ንገሪኝ፣ ፋንቱ» አለ። «ክረምቱን ትሠሪያለሽ?»

«እሱ ይንገርህ» አለች ፋንቱ። «ጥጃዋን አስገብቶ ይምጣ።»

እንደ ቀልድ አልነበረም ያለችው። ድምጿ የጠዋቱ ድምፅ ነበር። ሳሌሃ አንድ ነገር ጠይቀው ፈቲሀ መለሰችላቸው፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ጊዜ ነበረው። ማንም አላስቸኮለውም።

ያረጋል በግርዶሹና በጎን በሩ መካከል ቆመ። ሥራሽን ሥሪ ማለት ያስፈልጋል፣ ወይም ወደ ቤትሽ ተመለሺ። ሁለቱንም ቀስ ብሎ በከንፈሩ ሞከራቸው። ዓመታትን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ዓረፍተ ነገር ያቀና ሰው ነው፤ እነዚህ ግን አልቀና አሉት። ጃንጥላው ከማዶ፣ በምሰሶው ላይ፣ ከማጭዱ አጠገብ ተሰቅሏል፤ በስንጥቁ ጫፉ ይታየዋል። የጃንጥላው ውኃ ጠብ ጠብ እያለ መሬቱን ያረጥበዋል።

ጥጃዋ አንገቷን ዘርግታ እጅጌውን ላሰችው። አንገቷን አሻሸላት። ከዚያ የጎን በሩን ቀስ ብሎ ከፈተና፣ ንፋስ እንዳያንኳኳው በእጁ ደግፎ፣ መልሶ ዘጋው።

ጀፎረው ባዶ ነበር። ሣሩ ውኃ አቁሯል። በግማሽ መንገድ ላይ አንዲት ሴት የእንሰት ቅጠል ራሷ ላይ አድርጋ ተሻግራው አለፈች፤ ሰላምታዋን እንደ መንደር ሰው በአጭሩ ወርወር አድርጋለት፣ ሳትቆም፣ ወደ ጎረቤት አጥር ገባች። እሱም በአጭሩ መለሰላት።

ዋርካው ሥር ሲደርስ እግሩ ልማዱን ይዞ ቆመ። እዚህ ቦታ ነው ሁልጊዜ የሚዞረው፤ እዚህ ነው እጆቹ ሁሉ የሚመጡት። ያረጋል ዞረ። ከቤቱ ጣራ ጢስ ይወጣል፤ ደጃፉ ላይ ሰው የለም። ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ እንደነበር ያወቀው ዝናቡ መዳፉ ላይ ሲያርፍ ነው።

ባጃጅ መጣ። ሸራውን ገልጦ ገባና መልሶ ጣለው።